የዝናቡ መቀመጫ

ይህን ነገር ግማሹን ከአባቴ፣ ግማሹን ደግሞ ከመንገደኛ ነው የሰማሁት። ብዙ ዘመን አልፎታልና አንዳንዱን አሳስቼ ብናገር አይፈረድብኝ። የአገሩ ስም ጠፍቶብኛል። የንጉሡንም ስም ረስቼው ይሁን ድሮም ሳይነግሩኝ ቀርተው አላውቅም። ግንቡ ከኮረብታው በስተ ምሥራቅ ይሁን በስተ ምዕራብ አሁን እርግጠኛ አይደለሁም። መንደሩ ከግንቡ በታች እንደነበረ ግን አልጠራጠርም፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚያ ነውና።

በዚያ አገር ዝናብ የንጉሥ እንግዳ ነበር። ይህ ለጨዋታ የሚባል አልነበረም፤ ሕግ ነው። በቅድመ አያቶቻቸው ዘመን ሰማይ ተዘግቶ፣ መሬቱ ተሰነጣጥቆ፣ ከብት አልቆ ሳለ አንድ ቀን ሳይታሰብ ዘነበ። የዚያን ጊዜው ንጉሥ ከደስታው ብዛት ካባውን እንኳ ሳይደርብ ወጥቶ፣ «ይህ የእኔ እንግዳ ነው። ዳግመኛ ተቀይሞ እንዳይቀርብኝ፣ ከእንግዲህ መንገዱን የዘጋበት ወይም ፊቱን ያዞረበት ሰው ከእኔ ጋር ተጣላ» ብሎ አወጀ። ከዚያ ወዲህ በውሃ መውረጃ ላይ ድንጋይ ማኖር፣ ቦይ ቀዶ ጎርፍን ማዞር፣ ክትር መሥራት ክልክል ሆነ። ስለ ቤት ጣሪያ እንኳ ብዙ ክርክር ነበር ይባላል። በመጨረሻ፣ ጣሪያ እንግዳውን ቀስ አድርጎ ያወርደዋል እንጂ አይከለክለውም ተብሎ ተፈቀደ።

ዝናብ ሲጀምር የተቀመጠ ይነሣል፤ ባርኔጣ ያደረገም ያወልቃል። ጥላ መያዝ ነውር ነው። ልጅ ተሳስቶ «ዝናቡ መጣ» ያለ እንደሆነ እናቱ ትቆነጥጠዋለች፤ «ዝናቡ መጡ» ነው የሚባለው።

እንግዳ ካለ ደግሞ አጋፋሪ ይኖራል። የዝናብ አጋፋሪ የተባለው ሹም በየዓመቱ ግንቦት ሲያልቅ የንጉሡን ዘንግ ይዞ ከኮረብታው አናት ባለው ትልቅ በር ይቆማል። ዝናቡ ሲመጡ እጅ ነሥቶ «እንኳን ደህና መጡ» ይላል፤ ዘንጉን ይተክላል፤ እርሳቸው ቁልቁል ሲወርዱ አይቶ ወደ ቤቱ ይገባል። ከበሩ በታች መውረድ ሥራው አይደለም። ዘንጉ የተተከለበት ቦታ፣ የትም ይሁን የት፣ የዚያ ቤት የክብር ቦታ ነው። ያለ ቦታው የተከለው አጋፋሪ ግን ሹመቱም ቤቱም ይወሰድበታል።

በዚያ ጊዜ አጋፋሪው ቢራራ የሚባል ሰው ነበር። ጠንቃቃ ሰው ነው፤ ፈሪም ነው። ዘንጉን ከመትከሉ በፊት መሬቱን በእግሩ ይሞክራል፤ ከተከለው በኋላም ተመልሶ መጥቶ ይነቀንቀዋል።

ከበሩ በታች በኮረብታው ጎን ግንብ ይሠራ ነበር። ማን እንደሚገባበት አይታወቅም፤ አንዱ ወገን ሲያልቅ ሌላው ይቆፈራል። የግንቡ ሹም አዛዥ ደመላሽ ይባላል። ከግንቡ ጎን ቆዳ የሚያለፉና ክር የሚያቀልሙ ሠራተኞች ግቢዎች አሉ፤ እነርሱም በአዛዡ ሥር ናቸው። ቀይ አፈሩ እንደ ተራራ ይቆለላል፤ ኖራው ሳይከደን ይከማቻል፤ የቆዳው እጣቢና የቀለሙ አተላ በየጋኑ ሆኖ ክረምት ይጠብቃል። ዝናቡ ሲመጡ ጋኖቹ ይደፋሉ። ይህም ስም ነበረው፤ የእንግዳ ስንቅ ይባላል። የንጉሥ እንግዳ ባዶ እጁን ሊሸኝ ነው ወይ ይላሉ ሲጠየቁ። አዛዥ ደመላሽ በግቢው ንጽሕና ይኮራ ነበር። እውነቱን ነው፤ ክረምት ሲወጣ ግቢው እንደ ተጠረገ አውድማ ነበር።

ስንቁ የሚወርደው ከኮረብታው ሥር ወዳለው መንደር ኩሬ ነው። ሰውም ከብትም የሚጠጣው ከዚያ ነው። ሁለት ክረምት ተከታትሎ ኩሬው ቀላ። ጥጆች አሽትተው ይመለሱ ጀመር፤ ሕፃናት ሆዳቸውን ታመሙ። የመንደሩ ሰዎች አቤት አሉ።

ለዚህ ጉዳይ የውሃ ምስክሮች የሚባሉ ሹማምንት ነበሩ። ነጭ ለባሾች ስለሆኑ ጭቃ እንዳይነካቸው የሚወጡት በጥር ብቻ ነው። በጥር ወጡና ከግንቡ የሚወርደውን መውረጃ አዩ። ደረቅ ነበር። ተመልሰውም፣ «አየነው፤ ውሃ የለበትም። የሌለ ውሃ ደግሞ አይደፈርስም። ስለዚህ ከግንቡ የሚወጣው ንጹሕ ነው» ብለው መሰከሩ። ከላይ ንጹሕ ወጥቶ ታች ሲደርስ ከቀላ እንግዲህ ያቀላው የመንደሩ ሰዎች ክፋት ነው ተባለ። ሕጉ ደግሞ ኩሬው ሦስት ክረምት የቀላበት መንደር እንግዳውን አስቀይሟልና ከሥፍራው ይነሣ ይላል። መቅላቱ የሚለየው ከመጀመሪያው ትልቅ ዝናብ ማግሥት አፈ ንጉሡ ወርዶ ነጭ ጨርቅ ከኩሬው ነክሮ ሲያወጣ ነው። ሁለቱ ክረምት አልፎ ሦስተኛው እየመጣ ነበር። አዛዥ ደመላሽ የመንደሩን ቦታ ለድንጋይ ማከማቻ ከወዲሁ በገመድ አስለክቶታል።

ግንቦት ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው የአጋፋሪው ታላቅ እህት እታለማሁ ከመንደሩ ወደ ላይ ወጣች። እዚያ ታች ነው ያገባችው፤ እናታቸውም የተቀበሩት እዚያ ነው። ዳገቱን በምርኩዝ ወጥታ ደጁ ስትደርስ ቢራራ ዘንጉን ቅቤ እየቀባ ይወለውል ነበር።

«እንደምን ከረምሽ፣ እቴቴ» አላት፤ ዓይኑን ግን ከዘንጉ አላነሣም።

«ደህና ነኝ። ልሰናበትህ ነው የመጣሁት። ዘንድሮም ከቀላ ወደ በረሃው ትነዳላችሁ ብለውናል። እናታችንን አውጥቼ ይዣት ልሂድ ወይስ አንተ ትጠብቃታለህ?»

«እንዲህ አይባልም።»

«ታዲያ ምን ይባላል? የወጉ ሰው አንተ ነህ፤ አስተምረኝ።»

ቢራራ ግራ ቀኙን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኔ ከበሩ በላይ ነኝ። በበሩ ሲያልፉ ንጹሕ ናቸው፤ በዓይኔ ነው የማያቸው።»

«እኛ ዘንድ ሲደርሱማ አናውቃቸውም። ቀይ ለብሰው፣ ኖራ ተቀብተው፣ የከረመ ቆዳ እየሸተቱ ነው የሚገቡ። አምና ጥጃዬ ደንብራ ሁለት ቀን ጠፍታብኝ ነበር።»

«ቀስ በይ እንጂ። ጎርፍን ማዞር ምን እንደሚያስከትል ታውቂያለሽ። ድንጋይ አስቀመጠ ቢሉኝ አለቀልኝ።»

«ድንጋይ አስቀምጥ ማን አለህ?» አለችና ምርኩዟን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወረች። «አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። በዚህ ቤት ተቀመጪ አይባልም? ይህን ሁሉ ዳገት ወጥቼ ቆሜ ቀረሁ እኮ። ለካ ያንንም ትልቅ እንግዳ እንዲህ ነው የምትቀበሉት። ቆመው መጥተው ቆመው ይሄዳሉ። ንዴታቸውን የሚወጡት ታዲያ እኛ ላይ ነው።»

ቢራራ ደንግጦ ዘንጉን አስቀመጠ። በርጩማ አመጣላት፤ ውሃ አመጣላት፤ እግሯን ሊያጥባት ጎንበስ አለ። ጎንበስ እንዳለም ቀረ።

«ምነው፣ ወገብህን ነው?» አለችው።

«አይደለም» አለ። «እውነትሽን ነው። ተቀመጡ ብለናቸው አናውቅም።»

ከዚያ በኋላ ለጥቂት ቀን ነገሩን ወዲያ ወዲህ ሲያገላብጥ ከርሞ፣ የዝናቡን አቀባበል የሚመክረው ጉባኤ በተሰበሰበበት ቀን ነጭ ለብሶ ገባ። ንጉሡ እንደ ልማዳቸው ከመጋረጃ በስተኋላ ነበሩ። ቃል አይናገሩም፤ የሚናገርላቸው አፈ ንጉሡ ነው። ነገሩ ሲጥማቸው ግን ያስላሉ።

ቢራራ መሬት ስሞ ተነሣ። «ጌታዬ፣ ቤተ መንግሥቱ ነውር ላይ ነው ያለው። የንጉሡን እንግዳ ከአያቶቻችን ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ ተቀመጡ ሳንላቸው ቆመው ይሄዳሉ» አለ።

በጉባኤው ውስጥ ጉርምርምታ ሆነ። አዛዥ ደመላሽ ሣቀ። «ዝናብ እንዴት ነው የሚቀመጠው፣ አጋፋሪ? በርጩማ ይቀረብላቸው?»

«ጎድጓዳ ቦታ ይበጅላቸው። ውሃ ጎድጓዳ ሲያገኝ ይቀመጣል።»

«ይህማ ክትር ነው። መንገድ መዝጋት ነው» አለ አዛዡ፤ ሣቁን ትቶ።

«ወደ ቤቴ የመጣን ሰው ቁጭ በሉ፣ ዕረፉ ብል መንገድ ዘጋሁበት ይባላል ወይ? ሲያርፉ ይነሣሉ፤ ሲሞላ ሞልተው በላዩ ይሄዳሉ። ማንም አይይዛቸውም።»

አፈ ንጉሡ ጢሙን ዳሰሰ። «ስንቃቸውስ?» አለ።

ቢራራ ሌት ተቀን ሲፈራው የነበረው ይህን ጥያቄ ነው። «ስንቅማ ለሰው ሲሰጥ ተቋጥሮ፣ በእጅ ነው የሚሰጥ። ከአዛዥ ግቢ አፈሩም ኖራውም በእጅ ሲሰጣቸው አላየሁም። ሳይሰጡት ዕቃ ይዞ የሚሄድ እንግዳ ምን እንደሚባል ጌታዬ ያውቃሉ። እኔ የንጉሡን እንግዳ በዚያ ስም አልጠራም። አዛዥ ይጥሯቸው።»

አዛዡ ወደ መጋረጃው ዞረ።

«እጣቢውስ? እርሱን እንኳ በእጃችን ነው የምንሰጠው» አለ።

«እንግዲያው አዛዥ ከቤታቸው እንግዳ ሲሸኙ እጣቢ ነው የሚያስይዙት ማለት ነው» አለ ቢራራ።

ከመጋረጃው በስተኋላ ሳል ተሰማ።

በዚያው ሳምንት አዋጅ ወጣ። በግንቡ፣ በቆዳው፣ በቀለሙም ግቢ ለዝናቡ መቀመጫ ይቆፈር፤ እንደ ግቢው ስፋትም ይስፋ። እንግዳ በሚያልፍበት ፊት ዕቃ ተዘርክርኮ አይታይምና አፈሩም ኖራውም በሰሌን ይከደን። እጣቢና አተላ ወደ ደጅ አይደፋ። በሚወጡበት መንገድ የጭድ እስር ይነጠፍ፣ ሣር ይተከል። ከግቢው የሚወጣ ጋሪም ጭቃ ይዞ የእንግዳውን መንገድ እንዳያቆሽሽ እግሩን ሳይታጠብ አይውጣ። የጋሪን እግር የሚያጥብ ሹም ተሾመ፤ ሹመቱም በጣም ተፈለገ፤ ለእርሱ ብለው ሁለት ቤተሰቦች ተኮራረፉ።

ቢራራ ልቡ አረፈ። ወደ እህቱም ልኮ፣ «እናታችንን አትንኪ» አላት።

ሰኔ ገባ። ሰማዩ መጥቆር ሲጀምር ቢራራ ዘንጉን ይዞ ከትልቁ በር ቆመ። መጀመሪያ የመጣው ካፊያ ነበር። እጅ ነሥቶ፣ «እንኳን ደህና መጡ» ብሎ፣ ዘንጉን ተክሎ ቁልቁል አየ። የግንቡ ሰዎች የታዘዙትን ሁሉ አድርገዋል። አፈሩ ተከድኗል፤ የጭድ እስሩም ተነጥፏል። መቀመጫውም ተቆፍሯል፤ ጠርዙ በጠፍጣፋ ድንጋይ ተከቦ ያማረ ነበር። ግን ከግቢው ራስ ላይ ነው የተቆፈረው።

በዚያ አገር እንግዳን ወደ ላይ፣ ወደ ቤቱ ራስ ነው የሚያስቀምጡት። በሩ አጠገብ የሚቀመጥ ለማኝ ነው፤ ወይም የተጣላ ዘመድ ነው። የንጉሥን እንግዳ ከበር አጠገብ ላስቀምጥ የሚል አንድም ሰው አልነበረም፤ ስለዚህ በየግቢው ያለው መቀመጫ ሁሉ ከከፍታው ላይ ተቆፈረ። ካፊያው ወረደ፤ ከመቀመጫው ሥር ባለው ሜዳ ሁሉ ቀላ ብሎ እየተጠራቀመ በግቢው የታችኛው በር ሹልክ ብሎ ወጣ። መቀመጫው ውስጥ እፍኝ ውሃ አልነበረም።

ካፊያው ቆሟል፤ ወደ ምዕራብ ያለው ደመና ግን እንደ ከሰል ሆኖ እየመጣ ነው። ትልቁ ዝናብ እርሱ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ቢራራ ዘንጉን ነቀለና በትልቁ በር አልፎ ወደ ታች ወረደ። አጋፋሪ በዚያ በር ሲወርድ ያየ ሰው ስላልነበረ ሠራተኞቹ መዶሻቸውን አቆሙ።

አዛዥ ደመላሽ ሮጦ ደረሰ። «ምን ሆነዋል፣ አጋፋሪ? ቦታዎ ከላይ፣ ከትልቁ በር ነው እኮ።»

«መቀመጫው ወደ በሩ ይውረድ። አሁኑኑ ይቆፈር።»

«ከበሩ አጠገብ? የንጉሡን እንግዳ ከለማኝ ቦታ? እኔ ከአዋጁ በላይ እንዲከበሩ ብዬ ድንጋይ አስጠርቤ ከራስጌ አስቀመጥኋቸው። ዝቅ አድርጌ አዋርጄ ልቀጣ ነው?» አለ አዛዡ። ድምፁ ውስጥ ተንኮል አልነበረም፤ በእውነት ፈርቶ ነበር። ቢራራ ፍርሃትን ያውቃልና ይህን ለየ።

«ዝናቡ ወደዚያ ወጡ ወይ?» ብሎ ጠየቀው። «ይዩት እስቲ። ያን ሁሉ ድንጋይ ጠርበው አንድ ጠብታ ተቀምጦበታል?»

አዛዡ ዞሮ አየ። «ቢሆንም እኔ የክብሩን ቦታ ከራስጌ አንሥቼ ከበር ላደርግ አልችልም። ሥልጣኔ አይደለም» አለ።

ሥልጣኑ የማን እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። ቢራራ የያዘውን ዘንግ አየው። በቅቤ የወዛ፣ ዕድሜውን ሙሉ በአንድ ቦታ ብቻ የተከለው ዘንግ ነው። ቤቱን አሰበ፤ ሚስቱ እህል ያገባችበትን ጎተራ አሰበ። ከዚያ ቁልቁል አየ። ከዚያ ቦታ ላይ ሆኖ መንደሩ ይታያል፤ ኩሬውም፣ እናቱ የተቀበሩበት የወይራ ዛፍም ይታያል። በሹመቱ ዘመን ሁሉ ከላይ ሆኖ አይቶት አያውቅም፤ ከትልቁ በር ግንቡ ይጋርደዋል።

ወደ ታችኛው በር ሄደ። እንደ ልማዱ መሬቱን በእግሩ ሞከረ። ጭቃ ነው። ዘንጉን ሰካው፤ ዘንጉም ቀጥ ብሎ ቆመ። ተመልሶ ሳይነቀንቀው፣ «የቤቱ ራስ እዚህ ነው» አለ።

አንድ ሽማግሌ ድንጋይ ጠራቢ ባርኔጣውን አወለቀ። ሌሎቹም አወለቁ። አዛዡ አንድ ጊዜ ደመናውን፣ አንድ ጊዜ ዘንጉን አየና፣ «ምን ትጠብቃላችሁ? ቆፍሩ እንጂ፣ እንግዳ ከደጅ ደርሶ የለም ወይ?» አለ።

ቆፈሩ። የቆዳና የቀለም ሠራተኞችም ሰምተው ከየበራቸው ቆፈሩ። ጭዱንም አንሥተው ከአዲሱ መቀመጫ አፍ ላይ ደረደሩ። የመጨረሻው ሰው ከጉድጓዱ ሳይወጣ ዝናቡ መጡ። ሁሉም ተነሥቶ ቆመ። ከራስጌ እየጋለቡ የወረዱት ቀይ ሆነው ነበር፤ ቢራራም ዓይኑን ጨፈነ። ሲገልጥ ጎርፉ መቀመጫው ውስጥ ገብቶ ዝም ብሏል። ሞላ፤ ቆየ፤ ከዚያ በጭዱ ላይ ቀስ ብሎ እየፈሰሰ ወጣ። አፈሩ ከሥር ቀረ።

«ተቀመጡ» አለ አንዱ በሹክሹክታ። ማንም አልሣቀም።

በማግሥቱ አፈ ንጉሡ በበቅሎ ወደ መንደሩ ወረደ። አዛዥ ደመላሽ ከኋላው ነበር፤ ቢራራም ያለ ዘንግ በእግሩ ተከተለ። የመንደሩ ሰዎች ጓዛቸውን ጠቅልለው ከየደጃቸው ቆመዋል። እታለማሁ ምርኩዟን ይዛ ከኩሬው ዳር ነበረች። አፈ ንጉሡ ነጩን ጨርቅ ነከረው፤ ብዙ አቆየው፤ አወጣው። ጨመቀና ወደ ፀሐይ ከፍ አደረገው።

«ጥቂት ወየብ አላለም?» አለ አዛዡ፤ ከልማድ ይመስለኛል።

«ሕጉ የሚለው ቀይ ነው» አለ አፈ ንጉሡ። «ይህ ቀይ አይደለም።»

ሰዎቹ መጀመሪያ እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ ከዚያ አንድ በአንድ ጓዛቸውን ወደ ቤት ያስገቡ ጀመር። አንዲት ጥጃ ማንም ሳያዛት ወደ ኩሬው ወርዳ ጠጣች።

አፈ ንጉሡ ወደ በቅሎው ሲመለስ ከቢራራ ፊት ቆመ። «ዘንጉን ከለማኝ ቦታ ተክለሃል አሉኝ።»

«አዎን፣ ጌታዬ» አለ ቢራራ።

«ለንጉሡ ትናንት ማታ ነገርኋቸው።» አፈ ንጉሡ ወደ ኮርቻው ወጣ። «ሲያስሉ አደሩ።»

እታለማሁ የቢራራን ክንድ ይዛ ወደ ቤቷ ወሰደችው። ገና ደጃፉን ሳይሻገር፣ «ተቀመጥ፣ ወንድሜ። እኛ ቤት ተቀመጥ ይባላል» አለችው። ከበሩ አጠገብ ባለው መደብ ላይ ተቀመጠ፤ እስከ ማታም ከዚያ አልተነሣም።

ከዚያ በኋላ ያለውን በጥቂቱ ነው የማውቀው። በየግቢው የታችኛው በር የክብር ቦታ ሆኖ ጸና ይባላል። ከመቀመጫው ሥር የሚቀረውን ደለል በየጊዜው አውጥተው በአግባቡ ያስወግዱታል፤ ሳይጠረግ የቀረ መቀመጫ ለእንግዳ ስድብ ነውና። የውሃ ምስክሮች አሁንም በጥር ነው የሚወጡት፤ ግን መቀመጫው መጠረጉን ያያሉ፤ እንግዲህ የሚያዩት ነገር አገኙ። አዛዥ ደመላሽ መቀመጫውን ያሰብሁት እኔ ነኝ ሲል ኖሮ ሞተ። ቢራራ አልተቃወመውም።

ስለዚያ አገር ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት በሐምሌ ሥላሴ ማግሥት ነው። ዝናብ ይዞት አንድ መንገደኛ ቤቴ ገባ። አገሩን ቢነግረኝ አወቅሁት፤ ስሙን ግን ያኔም አልያዝሁትም። መንደሩ እንዳለ ነው፤ ኩሬውም ይጠጣል አለኝ። ወደ ላይ ዕለፍና ተቀመጥ ብዬ ከራስጌ ያለውን ወንበር አሳየሁት። አመስግኖኝ ከበሩ አጠገብ ተቀመጠ። እዚያ ብርድ ይመታሃል ስለው፣ «ግድ የለም፣ አባቴ፤ በእኛ አገር ትልቅ ሰው እዚህ ነው የሚቀመጥ» አለኝ። ዝናቡ ሲያባራ ተነሥቶ ሄደ። ከዚያ ቀን ወዲህ ምንም አልሰማሁም።